ሁለት ሰዓት ስንት ሰዓት ነው? ለኤጀንት የመሣሪያ መግለጫ ስለ መጻፍ

አንድ የቋንቋ ሞዴል፣ እንደ ቻትጂፒቲ ያለው፣ ከማውራት አልፎ ሥራ እንዲሠራ ሲፈለግ፣ ማለትም ቦታ እንዲይዝ፣ ዋጋ እንዲያሰላ ወይም መዝገብ ከፍቶ እንዲያይ ሲታዘዝ፣ «ኤጀንት» ይባላል፤ ለዚህ ሥራ የሚሰጡትን ነገሮች ፕሮግራመሮች «ቱል» ይሏቸዋል፤ እኔ እዚህ «መሣሪያ» እላቸዋለሁ። መሣሪያው ከውስጥ ሲታይ ተራ ኮድ ነው። ሞዴሉ ግን ኮዱን አያየውም። የሚያየው የመሣሪያውን ስም፣ ምን እንደሚሠራና መቼ እንደሚጠራ የሚናገር አጭር ጽሑፍ፣ እንዲሁም የሚሞሉትን መስኮች ከነዓይነታቸው ብቻ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የትኛውን መሣሪያ እንደሚጠራና በየመስኩ ምን እንደሚሞላ ይወስናል፤ ጥሪውን በተወሰነ ቅርጽ ጽፎ ያወጣል፤ የሚፈጽመው ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ውጤቱም ተመልሶ ለሞዴሉ ይቀርብለታል። የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኦፕንኤአይ ይህን አሠራር በጁን 2023 ለፕሮግራመሮች ካቀረበ ወዲህ የተለመደ ሆኗል። ሌላው የሞዴል ሠሪ ኩባንያ አንትሮፒክ በኖቬምበር 2024 ያወጣው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተባለ የጋራ ደንብ ደግሞ አንዱ የጻፈውን መሣሪያ ሌላው በራሱ ኤጀንት ላይ እንዲሰካው መንገድ ከፍቷል።

ስለ ኤጀንት ሲወራ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የትኛው ሞዴል ይበልጣል፣ የትኛው ይረክሳል በሚለው ላይ ነው። በእኔ ሥራ ይህ ክርክር ሁለተኛ ቦታ ነው ያለው። ባሕር ዳር ውስጥ ለአንድ አነስተኛ የጀልባ ባለቤቶች ማኅበር፣ የደንበኞችን ጥያቄ በቴሌግራም ተቀብሎ ጉዞ የሚያስመዘግብ ኤጀንት እየሠራሁ ነው፤ ጊዜዬን የበሉት ኮዱም ሞዴሉም ሳይሆኑ እነዚያ አጫጭር መግለጫዎች ናቸው። ይህ የሆነው ለአጻጻፍ ውበት ተጨንቄ አይደለም። መግለጫው ውስጥ መግባት ያለበት አብዛኛው ነገር እዚህ ከተማ ውስጥ ማንም ለማንም የማይናገረው፣ ሁሉም ያውቀዋል ተብሎ የሚታለፍ ነገር ስለ ሆነ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለመጻፍ ደግሞ በመጀመሪያ መኖሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ከባዱም እሱ ነው።

ክፍት ጀልባ የሚፈልገውን መሣሪያ እንውሰድ። ፕሮግራመር ለፕሮግራመር የሚጽፈው መግለጫ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦

«በተሰጠው ቀንና ሰዓት ክፍት ጀልባ ይፈልጋል። ቀን፦ ጽሑፍ። ሰዓት፦ ጽሑፍ።»

እንከን የለበትም፤ ኮዱን የጻፈው ሰው አንብቦ ይስማማበታል። አሁን አንዲት ደንበኛ «ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ዘጌ ጀልባ ይኖራችኋል?» ብላ ጻፈች እንበል። ባሕር ዳር ውስጥ ይህን የሚሰማ ሁሉ ጠዋት ማለቷ እንደ ሆነ ያውቃል። ሰዓታችን የሚቆጠረው ከንጋት ስለ ሆነ ሁለት ሰዓት በፈረንጆቹ ስምንት ነው፤ የማታው ሁለት ሰዓት ደግሞ መንገደኛ ይዞ ሐይቅ ላይ የሚወጣበት ጊዜ አይደለም። ሞዴሉ የተማረበት ጽሑፍ ግን በአብዛኛው የሌላ አገር ሰዓት የሚቆጥር ነው፤ ስለዚህ በሙከራ ላይ የሰዓቱን መስክ «14:00» ብሎ ሞላው። «02:00» ብሎ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ በዚያ ሰዓት የሚነሣ ጀልባ ስለሌለ መሣሪያው ባዶ ዝርዝር ይመልስና ነገሩ ወዲያው ይነቃበታል። 14:00 ግን ደኅና ይመስላል፤ ጀልባም ይገኝለታል። ደንበኛዋ «ሐሙስ 2 ሰዓት ላይ ተይዞልዎታል» የሚል መልስ ይደርሳትና በጠዋት ወደቡ ላይ ትገኛለች፤ መዝገቡ ላይ ስሟ የሰፈረው ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ያ ደግሞ ጣና ላይ ነፋስ የሚነሣበት፣ ጀልባ ነጂዎች ራቅ ያለ ጉዞ የማይወዱበት ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «የኢትዮጵያን ሰዓት ወደ ውጭው አቆጣጠር ቀይረህ ሙላ» ብሎ መግለጫው ላይ መጨመር ነው። ብዙ ጊዜ ይሠራል። እኔ ግን አልወደድሁትም፤ ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ ለሞዴሉ ከባድ ሆኖ ሳይሆን፣ ቀይሮ ይሁን ሳይቀይር በኋላ መዝገቡን የሚያይ ሰው መለየት ስለማይችል ነው። መስኩ ላይ «08:00» ተጽፎ ብናገኝ፣ ደንበኛው «ሁለት ሰዓት» ብሎ ሞዴሉ ቀየረው? ወይስ «ስምንት ሰዓት» ብሎ ሞዴሉ እንዳለ ተወው? ስለዚህ መስኩን ራሱን ከፋፈልሁት። አንዱ መስክ ደንበኛው የተናገረውን ቁጥር ይይዛል፤ ሁለተኛው የቀኑን ክፍል ይይዛል፣ የሚቀበለውም ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት ከሚሉት አንዱን ብቻ ነው፤ ሦስተኛው በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተነገረ ይመዘግባል። ስሌቱን ኮዱ ይሠራዋል። ለሞዴሉ የቀረለት ሥራ የሰውየውን አነጋገር መረዳት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ከማንኛውም ኮድ በተሻለ ያውቅበታል። መግለጫውም በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

«በአንድ ቀን ከባሕር ዳር የሚነሡና ክፍት መቀመጫ ያላቸውን ጀልባዎች ይዘረዝራል። ማየት ብቻ ነው፤ ቦታ አይይዝም። ሰዓቱን ደንበኛው እንደ ተናገረው ሙላ፤ ራስህ አትቀይረው። በአማርኛ የተጻፈ ሰዓት፣ ደንበኛው ሌላ ካላለ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ጀልባ የሚነሣው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ስለ ሆነ፣ የቀኑ ክፍል ባይነገርም አሥራ ሁለትና ከአንድ እስከ አምስት ያለው ቁጥር ጠዋት፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ያለው ቀን ነው። ደንበኛው በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ከሆነ ግን በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ ሳትጠይቀው ቦታ አትያዝ።»

ከዚህ ውስጥ ዋናው ዐረፍተ ነገር ጀልባ የሚነሣበትን ጊዜ የሚናገረው ነው። ደንበኛዋን በየመልእክቱ «ጠዋት ነው ማታ?» እያሉ ከማሰልቸት የሚያድን እሱ ብቻ ነው፤ ሞዴሉም ከየትም ሊያገኘው አይችልም። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ደግሞ የገባው የአገሬው ሰው በእንግሊዝኛ ሲጽፍም ሰዓቱን በለመደው አቆጣጠር ስለሚጽፍ ነው። በእንግሊዝኛ «ሁለት ሰዓት» ያለው ሰው ከባሕር ዳር ቀበሌ 14 ይሁን ከበርሊን፣ ከጽሑፉ ብቻ አይታወቅም።

ቀኑ ከሰዓቱ ይብሳል። ሞዴሎች መስከረምን ሴፕቴምበር ብለው መተርጎም ይቀናቸዋል፤ ቁጥሩን ግን እንዳለ ይተዉታል። መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2025 ነው። ወሩን ብቻ የተረጎመ ሞዴል ሴፕቴምበር 5 ብሎ ይሞላል፤ ያ ቀን በእኛ ነሐሴ 30 ነው፣ አዲሱ ዓመት እንኳ ገና አልገባም። ልዩነቱ ደግሞ ሁልጊዜ እኩል አይደለም። እንቁጣጣሽ በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ተከታዩ የጎርጎርዮስ ዓመት ፌብሩዋሪው 29 ቀን ያለው ሲሆን ግን 12 ይሆናል፤ 2016 ዓ.ም. የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። ይህን ሁሉ መግለጫ ውስጥ አስፍሮ ሞዴሉን የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ማድረግ አያስፈልግም። ቀመሩ የታወቀ ነው፤ ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃዋል። መግለጫው «የወሩን ስም ደንበኛው እንደ ጻፈው ሙላ፤ አትተርጉመው» ካለ ከበቂ በላይ ነው። እግረ መንገዴን ልጥቀስ፦ ሞዴሉ ዛሬ ስንት ቀን እንደ ሆነ በራሱ አያውቅም። ስለዚህ የእያንዳንዱ ውይይት መነሻ ላይ ዕለቱን በሁለቱም አቆጣጠር መንገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ «ነገ» እና «በሚመጣው ቅዳሜ» የሚሉት ሁሉ በግምት ይሞላሉ።

በጣና ዙሪያ ግን ቀን ሁልጊዜ በቁጥር አይነገርም። «ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዑራ መሄድ እንፈልጋለን» የሚል መልእክት የካቲት 16 ማለት ነው። «በሚመጣው ሚካኤል» ማለት ወሩ በገባ በ12ኛው ቀን ነው። እነዚህን ለኮዱ በሰንጠረዥ ሰጥቼው አርፌ ነበር፤ ቀጥሎ ግን «ለገብርኤል ስምንት ሰው ነን» የሚል መልእክት መጣ። ገብርኤል በወሩ 19ኛው ቀን ነው። ክብራን ገብርኤል ደግሞ ከባሕር ዳር ቅርብ ከሆኑት የደሴት ገዳማት አንዱ ነው። ሰዎቹ ቀኑን ነው ያሉት ወይስ ቦታውን? ወይስ በቀኑ ወደዚያው ቦታ? ለዚህ ኮድ አይጻፍለትም። መግለጫው ላይ የሰፈረው «የቅዱሳን ስም ቀንም ቦታም ሊሆን ይችላል፤ ከቀሪው ዐረፍተ ነገር ካልለየህ ሁለቱን አማራጮች አቅርበህ ጠይቅ» የሚል ነው። ሞዴሉ ይህን አንድ ጊዜ ካነበበ በኋላ በማርያምም በመድኃኔ ዓለምም ላይ በራሱ ይሠራበታል፤ እያንዳንዱን መዘርዘር አላስፈለገም። መግለጫ ውስጥ ምክንያትና ጠባይ መጻፍ ዝርዝር ከመጻፍ የሚበልጠው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

መግለጫዎቹን አትሜ ለማኅበሩ ጸሐፊ ወስጄላቸው ነበር። ጋሼ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ጀልባ ነድተዋል፣ ደንበኛ ተቀብለዋል፣ ኮምፒውተር ግን አይነኩም። እርሳስ አውጥተው ማንበብ ጀመሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ቀና ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ‹ሙሉ ቀን› ያልኸው ከስንት እስከ ስንት ነው?» አሉኝ። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ እንደ ሆነ ነገርኋቸው። «ለዘጌ እሺ፤ ናርጋ ለሚሄድ ግን ሙሉ ቀን ማለት በአሥራ ሁለት ሰዓት የተነሣ ነው። አንድ ሰዓት ካለፈ እኔ አልለቅም፤ መመለሻው ነፋስ ላይ ይጥለዋል» አሉና በጠርዙ ላይ ጻፉት። ናርጋ ሥላሴ ያለችው ደቅ ደሴት ላይ ነው፤ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት አካባቢ ሲወስድ ደቅ ከዚያ በእጅጉ ይርቃል። ይህ ዕውቀት በመረጃ ቋቱ ውስጥ አልነበረም፤ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ሁለቱም «ሙሉ ቀን» ተብለው ነው የተመዘገቡት። ሌላም ነገር አስመሩ፦ «ዋጋ» የሚለው መስክ የጀልባው ይሁን የሰው፣ ደርሶ መልስ ይሁን መሄጃ ብቻ፣ የገዳሙ መግቢያ ይጨመርበት አይጨመርበት አልተባለም። መግቢያው ቦታው ላይ ለብቻው የሚከፈል በመሆኑ፣ ያንን ሳይናገር ዋጋ የሚነግር ኤጀንት ከደንበኛ ጋር ጠብ ይገዛል።

በነገራችን ላይ መግለጫ ማለት በመሣሪያው ራስጌ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ አይደለም። መሣሪያው የሚመልሰውም ነገር ሞዴሉ የሚያነበው ጽሑፍ ነው፤ አንዳንዱን ነገር እዚያ ማስቀመጥ ይበልጣል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ናቸው። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴቶችንም ያስተናግዳል። ይህን ደንብ በመፈለጊያው መሣሪያ መግለጫ ላይ ልጽፈው እችል ነበር፤ ግን መግለጫ በየጥያቄው አብሮ የሚላክ ጽሑፍ ስለ ሆነ፣ ዘጌ ለሚሄድ ሰው የዳጋን ደንብ ማንበብ ትርፉ ማጨናነቅ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ክብራንን ወይም ዳጋን በመለሰ ቁጥር ብቻ «ሴቶች አይገቡም፤ ቦታ ከመያዝህ በፊት ለደንበኛው ንገር» የሚል መስመር አብሮ ይመልሳል። ሞዴሉ የሚያስፈልገውን በሚያስፈልገው ሰዓት ያገኛል። ሚስትና ልጆቹን ይዞ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ይህን ደሴቱ ወደብ ላይ ከደረሰ በኋላ ቢሰማው የሚፈጠረውን መገመት አያቅትም።

የስሕተት መልእክትም እንዲሁ ነው። ብዙ መሣሪያ ሲበላሽበት «ስሕተት 400» ብሎ ዝም ይላል። ለፕሮግራመር ይበቃው ይሆናል፤ ሞዴሉ ግን ይህን ሲያነብ ወይ ያንኑ ጥሪ ይደግመዋል፣ ወይ ለደንበኛው «ሥርዓቱ ለጊዜው አይሠራም» ይላል። በአንጻሩ «የሞላኸው ቀን ያለፈ ነው፤ ዛሬ ኅዳር 3 ነው፤ ደንበኛው የተናገረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ የአቆጣጠር መስኩን አስተካክለህ እንደገና ጥራ» የሚል መልስ ሲያገኝ፣ ደንበኛው ምንም ሳያውቅ ራሱን አርሞ ይቀጥላል። ከጻፍኋቸው ጽሑፎች ሁሉ በጥቂት ልፋት ብዙ የጠቀሙኝ እነዚህ ናቸው።

ቦታ የሚይዘው መሣሪያ ላይ ሲደረስ ግን መግለጫ ብቻውን አይበቃም፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። «ደንበኛው ሳያረጋግጥ ቦታ አትያዝ» ብሎ መጻፍ ተገቢ ነው፤ ሞዴሉም አብዛኛውን ጊዜ ይታዘዛል። ነገር ግን ይህ ምክር እንጂ ቁልፍ አይደለም። በቴሌብር ገንዘብ የሚያስከፍል ወይም የሌላ ሰው ቦታ የሚሰርዝ መሣሪያ፣ ደንበኛው ራሱ አዝራር ሳይጫን ኮዱ እንዳይፈጽመው ሆኖ መሠራት አለበት። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፦ ጥሪው ደርሶ ቦታው ከተያዘ በኋላ መልሱ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሞዴሉም አልተሳካም ብሎ ይደግመዋል፤ አንድ ቤተሰብ ሁለት ጀልባ ይያዝለታል። መግለጫው «መልስ ካልደረሰህ አትድገም፤ በመጀመሪያ በስልክ ቁጥሩ መዝገብ ፈልግ» ይላል፤ ኮዱም በበኩሉ ተመሳሳይ የጥያቄ መለያ ያለው ጥሪ ሁለተኛ ሲመጣ አዲስ መዝገብ አይከፍትም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ኮዱን እመርጣለሁ።

ስለ ስም በአጭሩ፦ ከውጭ የሚመጡት ናሙናዎች ሁሉ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚሉ መስኮች አሏቸው። በእነዚያ መስኮች ሞዴሉ አንዳንዴ የአባትን፣ አንዳንዴ የአያትን ስም ይከታል፤ ወደቡ ላይ ዝርዝር ሲጠራም የሚጠራው የአያት ስም ይሆናል። «ስም»፣ «የአባት ስም» ብሎ መጻፍ ብቻ ችግሩን ይፈታዋል። የቦታ ስም አጻጻፍም ይለያያል፤ ዑራን አንዱ በዐይኑ፣ ሌላው በአልፋው ይጽፈዋል፣ ኪዳነ ምሕረትን አንዱ ያያይዘዋል፣ ሌላው በሕዝባር ያሳጥረዋል። ይህንን ማስተካከል የኮዱ ፋንታ ነው፤ ሞዴሉ የሚመርጠው ከተዘጋጀ የመዳረሻዎች ዝርዝር ውስጥ ብቻ ቢሆን ይሻላል።

የመሣሪያዎቹ ቁጥርም ያሳስባል። መረጃ ቋቱ ውስጥ ጀልባ፣ ጉዞና መርሐ ግብር የሚባሉ ሦስት ሰንጠረዦች ስላሉ፣ ሦስት መፈለጊያ መሣሪያዎች መሥራት ለፕሮግራመር ተፈጥሯዊ ነው። ደንበኛው ግን ሦስት ጥያቄ የለውም፤ የሚጠይቀው «መቼ፣ በስንት፣ ወዴት መሄድ እችላለሁ?» ብሎ ነው። ሦስቱ መሣሪያዎች በነበሩበት ጊዜ ሞዴሉ ለተመሳሳይ ጥያቄ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ይጠራ ነበር፤ መግለጫዎቹን ምንም ያህል ብንለያያቸው ነገሩ አልተስተካከለም፤ ምክንያቱም በደንበኛው ዓይን በመካከላቸው ልዩነት አልነበረም። ወደ አንድ ሲጠቃለሉ የሚጻፈውም አጠረ። መግለጫ አልጻፍ ሲል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው መሣሪያው አከፋፈል ላይ ነው።

ጽሑፉን ስናሻሽል ደግሞ ቁጣ ይገባበታል። አንድ ነገር ሲበላሽ «ፈጽሞ እንዳታደርግ»፣ «በምንም ዓይነት» እያልን እንጨምራለን፤ ቀስ በቀስ መግለጫው የግቢ ማስጠንቀቂያ ይመስላል። ስለ ሰዓት የጻፍነውን በእንዲህ ያለ ቃል ባጠነከርነው ጊዜ ሞዴሉ ፈሪ ሆነ፤ ደንበኛው በግልጽ «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት» ብሎ ሳለ እንኳ «ጠዋት ማለትዎ ነው ወይስ ማታ?» ብሎ ይጠይቅ ጀመር። ቃሉ ለዘብ ብሎ ምክንያቱ ሲጻፍለት ተስተካከለ። አንዱን ዐረፍተ ነገር መንካት ያልታሰበ ቦታ ላይ ስለሚያናውጥ፣ የደንበኞችን ትክክለኛ መልእክቶች ስማቸውንና ስልካቸውን አውጥቼ አስቀምጫለሁ፤ መግለጫ በተለወጠ ቁጥር ሁሉም በኤጀንቱ ላይ እንደገና ይሞከራሉ፤ የማየውም የሞዴሉን የመጨረሻ መልስ ሳይሆን የትኛውን መሣሪያ ጠርቶ በየመስኩ ምን እንደሞላ ነው። መልሱ አምሮ ጥሪው የተሳሳተ ሊሆን ይችላል፤ የ14:00ው ጉዳይ የተገኘውም በዚህ መንገድ ነው።

ሌላ ሰው የጻፈውን መሣሪያ ለሚሰካ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሞዴሉ መግለጫን የሚያነበው እንደ መመሪያ ነው፤ ማን እንደ ጻፈው አይመረምርም። የደኅንነት ተመራማሪዎች በ2025 እንዳሳዩት፣ በመግለጫ ውስጥ ለተጠቃሚው የማይታይ ትእዛዝ ደብቆ ኤጀንቱ የግል ፋይል አንብቦ ወደ ውጭ እንዲልክ ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ ከኢንተርኔት የተገኘን መሣሪያ ከመሰካት በፊት መግለጫውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንበብ፣ ሲሻሻልም ደግሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

የቀረኝ መግለጫው በምን ቋንቋ ይጻፍ የሚለው ነው። የብዙዎቹ ሞዴል አቅራቢዎች ደንብ የመሣሪያው ስም በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በጥቂት ምልክቶች ብቻ እንዲሆን ያስገድዳል፤ መግለጫው ግን ነጻ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ በእንግሊዝኛ ጻፈው ይሉኛል፤ ምክንያታቸውም ውሃ ያነሣል። ሞዴል ጽሑፍን የሚያነበው «ቶክን» ወደሚባሉ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ ነው፤ በብዙ ሞዴሎች የግእዝ ፊደል ከላቲኑ ይልቅ በብዙ ቶክን ይቆራረጣል፤ ክፍያው በቶክን ነው፤ መግለጫ ደግሞ በየጥያቄው አብሮ ይሄዳል። የተደጋገመውን ጽሑፍ አቅራቢዎቹ በቅናሽ የሚያስከፍሉበት አሠራር ስላለ ወጪው የሚያስፈራውን ያህል አይደለም፤ ቢሆንም አለ። እኔ ግን በአማርኛ መጻፉን መርጫለሁ፤ ከስሜት አይደለም። መግለጫው በእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ ጋሼ ስለ ናርጋ የጻፉትን መስመር አላገኘውም ነበር። ጣናን የሚያውቁት ሰዎች የሚያነቡት አማርኛ ነው፤ ሞዴሉ የሚመራበትን ጽሑፍ እነሱ አንብበው ማረም ካልቻሉ፣ የሚያርመው እኔ ብቻ እሆናለሁ፤ እኔ ደግሞ ጀልባ ነድቼ አላውቅም። የመስኮች ዓይነት፣ የቁጥር ቅርጽና የመሳሰለው የኮድ ነገር በእንግሊዝኛ ቢቀር የሚጎዳ የለም። ስለ ሰዓት፣ ስለ ቀን፣ ስለ መዳረሻና ስለ ነፋስ የሚናገረው ሁሉ በአማርኛ ሆኗል፤ የዋጋው መሣሪያ መግለጫ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱም ማኅበሩ የዘንድሮውን ታሪፍ ሲያጸድቅ አብሮ ይጻፍና እንደ ሌሎቹ ታትሞ ለጋሼ ይሰጣል።